ክልል ውስጥ መሬት ጥበቃ ላይ የሚሠራ ድርጅት ልቀጠር ነው፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ምን ዓይነት ናቸው?

ለም_አፈር (ሰኞ፣ ማታ 2፡10)

ሰላም ቤተሰብ። ምክር ፈልጌ ነው።

በአፈርና ውሃ ጥበቃ ተመርቄ አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ውስጥ ሦስት ዓመት ካርታ ሠራሁ። ረግጬው የማላውቀውን ተራራ ቀይና ቢጫ ስቀባ ነው የከረምኩት። አሁን ሁለት ሥራ በአንድ ሳምንት መጣልኝ። አንዱ እዚሁ ነው፤ ሌላ ቢሮ፣ የተሻለ ደሞዝ፣ ያው ካርታ። ሌላው ሰሜን ሸዋ ውስጥ መሬት ጥበቃ ላይ ብቻ የሚሠራ የአገር ውስጥ ግብረ ሰናይ ድርጅት ነው። የተፋሰስ ባለሙያ ሆኜ ወረዳ ከተማ ልቀመጥ። ደሞዙ ከመጀመሪያው ሲሶ ያህል ያንሳል።

እናቴ «ተምረሽ ተምረሽ ድንጋይ ልታስለቅሚ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማስታወቂያው ላይ ያለው «ማስተባበር፣ መከታተል፣ ሪፖርት ማድረግ» ነው። ይሄ ምንም አይነግረኝም። እንዲህ ዓይነት ቦታ የሠራችሁ ካላችሁ፣ አብሬያቸው የምውላቸው ሰዎች ምን ዓይነት ናቸው? ቀናቸውስ እንዴት ነው የሚያልፈው?

ተጠራጣሪው (ሰኞ፣ ማታ 2፡31)

ታፔላ በመትከል ነው የሚያልፈው። አንድ ጋራ ላይ ሦስት ታፔላ ቆጥሬ አውቃለሁ። ጋራው ግን ራሰ በራ ነበር። ደሞዙ የሚሻለውን ያዢ።

ሃርድቶፕ (ሰኞ፣ ማታ 2፡40)

@ተጠራጣሪው ታፔላውን የጫንኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም 😂

ጋሽ_እርከን (ሰኞ፣ ማታ 3፡55)

ልጄ፣ ለእናትሽ «አዎ፣ ድንጋይ ላስለቅም ነው» በያት። እውነት ነው። እኔ 22 ዓመት አስለቅሜያለሁ፤ ሁለት ልጅ አስተምሬበታለሁ።

ሰዎቹን ላስተዋውቅሽ። ወረዳ ላይ ዲግሪ ያላችሁት ሁለት ወይም ሦስት ብትሆኑ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። ዋናዎቹ ቀያሾች ናቸው። ገበሬዎች ናቸው እነሱ፤ አብዛኞቹ ከስድስተኛ ክፍል አላለፉም። አሥር ሜትር ገመድ፣ ሁለት እኩል ዘንግ፣ መሃሉ ላይ የተንጠለጠለች ውሃ ልክ ይዘው ሦስት ሆነው ይወጣሉ። አረፋዋ መሃል ስትቆም «ያዝ!» ይባላል፣ ካስማ ይመታል። እንዲህ እያሉ ጋራውን በግማሽ ቀን ያዞሩታል። አንቺ ጂፒኤስ ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ እነሱ ደግሞ ጂፒኤስሽን አይተው ዝም ይሉሻል። ዝም ሲሉሽ ተጠንቀቂ።

ቀጥሎ ፎርማኑ አለ። የድንጋይ እርከን በኪሎ ሜትር 250 የሰው ቀን ይፈጃል ተብሎ ነው የሚታቀደው። የአፈሩ 150 ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በቀን የሚሠራው የድንጋይ እርከን አራት ሜትር ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ፎርማኑ ግን የማን ጉልበት ስንት እንደሆነ፣ ማን አራስ እንዳለችበት፣ ማን ትናንት ለቅሶ እንዳደረ ያውቃል። አራቱን ሜትር የሚያከፋፍለው እሱ ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነው። መረሬ መሬት ላይ፣ ማለት ጥቁር ጭቃማ አፈር ላይ፣ ልክ ጠባቂ እርከን አሠራሁ። ተዳፋት የለውም፣ ማፋሰሻ የለውም፤ ውሃ ይዞ እንዲያሰርግ ነው የታሰበው። መረሬ ደግሞ ውሃ አያሰርግም። ነሐሴ ላይ የአንድ አዛውንት ባቄላ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቢጫ ሆነ። ሽማግሌው አልጮሁብኝም። እርከኑ ዳር ወስደው አስቀመጡኝና «ልጄ፣ አፈሬን አዳንክልኝ። እህሌን አሰጠምከው» አሉኝ። በማግሥቱ አካፋ ይዤ ሄድኩ። አብረን ከፈትነው፤ ጫፉ ላይ በሣር የተሸፈነ ማፋሰሻ አወጣንለት። ሽማግሌው አፈሩን ገና ሲያዩት ያውቁት ነበር። እኔ አልጠየቅኳቸውም።

ገበሬው እርከን አይወድም የሚሉሽን አትስሚ። ምክንያት አለው። እርከን መሬት ይበላል። በሬ ሲዞር ያደናቅፋል። ድንጋዩ ውስጥ አይጥ ይገባል። ሦስቱም እውነት ናቸው። በሬ ማሳለፊያ ክፍተት ትተሽ፣ ላዩ ላይ ደሾ ሣር ተክለሽ ለከብቱ የሚያጭደው ስታደርጊለት ነው የሚታረቀው።

ደብል_ጋቢና (ሰኞ፣ ማታ 4፡20)

ጋሼ ስለ ደሾ አንድ ነገር ልጨምር። ሣሩ ከውጭ አገር የመጣ የሚመስላቸው አሉ። የእኛው ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ጋሞ ውስጥ ጨንቻ ላይ ነው ባለሙያዎች ዓይን ውስጥ የገባው። ዛሬ ጎጃምም ሸዋም እርከን ጀርባ ላይ አለ። ያከፋፈለውም ሰው ነው፤ ቁርጥራጩን በጆንያ ተሸክሞ።

ሒሳብ_አይዋሽም (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡05)

የመስክ ሰዎች ሁሌ ስለ መስክ ብቻ ያወራሉ። ቢሮ ተቀምጦ ያንን ብር የሚያወጣ ሰው እንዳለም ይታወቅ። 11 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እንዲሁ መሬት ጥበቃ ላይ በሚሠራ ድርጅት።

ችግሩን አስቡት። ድንጋይ የተሸከሙ 180 ሰዎች አሉ። ፔሮሉ ላይ አብዛኞቹ የሚፈርሙት በጣት አሻራ ነው። ኦዲተሩ አዲስ አበባ ሆኖ «ይህ አሻራ የእሷ መሆኑን በምን አረጋገጥክ?» ይለኛል። ባለሙያው ደግሞ ከገበሬ ጭድ ገዝቶ ያለ ደረሰኝ ይመጣል። «ገበሬ ደረሰኝ የለውማ» ይላል። አውቃለሁ የለውም! ኦዲተሩ ግን አያውቅም።

የ70/30ን ዘመን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ 621/2001 ጊዜ ከበጀቱ 30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር ማዋል ክልክል ነበር። መልካም። ግን ለሥልጠናና ለመስክ ጉዞ የሚወጣው ብዙው ወጪ አስተዳደር ውስጥ ይመደብ ነበር። የእኛ ሥራ ደግሞ ሌላ ምንድን ነው? ገበሬ ማሠልጠንና ጋራ ላይ መውጣት ነው። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ራሴን ይዤ እቀመጥ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢያደርገውም አስተዳደር የሚባለውን ትርጉም አጠበበው። ያኔ ተነፈስን።

ለም_አፈር፣ ምክሬ አጭር ነው። ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ቡና ጠጪ። ደረሰኝሽን በዚያው ሳምንት አምጪ።

ሃርድቶፕ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡30)

ሒሳብ ቤት ሲናገር ሰማችሁ? 11 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቡና አልጋበዘንም።

ሹፌር ነኝ። ከባለሙያው ሁሉ ቀድሜ የገባሁ፣ ባለሙያው ሁሉ ተለዋውጦ እኔ የቀረሁ። እንዲህ ዓይነት ድርጅት ውስጥ ሹፌር መኪና ነጂ ብቻ አይደለም። የትኛው ቀበሌ ሊቀመንበር ጠዋት እንደሚገኝ፣ የትኛው ወንዝ ከሰዓት በኋላ እንደሚሞላ የሚያውቀው እሱ ነው። አሁን አሁን ደግሞ «ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከነዳጅ ይቀድማል።

አንድ ቀን ሲመሽ ከችግኝ ሥራ ስንመለስ ሰዎች ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ይዘው ወረዱ። ጫንኳት። ጤና ጣቢያ አደረስኳት። በሰላም ተገላገለች። ሎግ ቡኩ (የጉዞ መዝገቡ) ላይ ግን 34 ኪሎ ሜትር ትርፍ መጣ። ምን ብዬ ልጻፍ? «የተፋሰስ ልማት» ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል።

ሒሳብ_አይዋሽም (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡41)

እንደ አንተ ያለ ሹፌር ነው ያሸበተኝ።

ተጠራጣሪው (ማክሰኞ፣ ቀን 7፡15)

ጥሩ ጥሩ ታሪክ ነው። ግን ጥያቄዬን ማንም አልመለሰም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ቁጥር እንሰማለን። ተከልን፣ ተከልን። ስንቱ ጸደቀ? የድርጅቶቹም ሪፖርት ያው ነው። የተከሉትን እንጂ የጸደቀውን ሲጽፉ አላየሁም።

የመድረኩ_አስተዳዳሪ (ማክሰኞ፣ ቀን 7፡40)

ፖለቲካው ውስጥ ሳንገባ እንቀጥል። ስለ ሠራተኞቹ ነው ክሩ።

የችግኝ_ጣቢያ_ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50)

@ተጠራጣሪው ጥያቄህ ትክክል ነው። ግን መልሱን የሚያውቁት የምትሰድባቸው ሰዎች ናቸው።

እናቴ 15 ዓመት ችግኝ ጣቢያ ሠርታለች። ያሳደገችኝ በዚያ ነው። ጽድና ወይራ ቀርፋፋ ስለሆኑ ዘራቸው ቀድሞ ይዘራል። ባሕር ዛፍ ኋላ ተዘርቶ ይቀድማቸዋል። አፈሩን፣ ብስባሹንና አሸዋውን በልክ ደባልቃ ፕላስቲክ ትሞላለች። ጠዋትና ማታ ውሃ። ሥሩ ፕላስቲኩን በስቶ መሬት ሲይዝ ከሥር መቁረጥ አለ። ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ውሃውን ቀስ በቀስ ትቀንሳለች፤ ችግኙ እንዲጠነክር። ሰው ሲያያት የረሳቻቸው ይመስለው ነበር። «ጋራ ላይ ማን ያጠጣቸዋል? ከአሁኑ ይልመዱት» ትላለች።

ከዚያ የተከላ ቀን ይመጣል። አይሱዙ ላይ ተደራርበው ይጫናሉ፤ ግማሹ መንገድ ላይ አንገቱ ይሰበራል። ሰዎች ከከተማ ነጭ ቲሸርት ለብሰው ይመጣሉ። ፕላስቲኩን ሳይቀዱ ይቀብሩታል። እናቴ ከኋላ እየሄደች ታወጣለች፣ ፕላስቲኩን ትቀዳለች፣ መልሳ ትተክላለች። ፎቶ የሚነሳው ግን ከፊት ነው።

እንዲህ ያለ ተከላ አይጸድቅም። ጉድጓዱ ግንቦት ላይ ተቆፍሮ፣ መሬቱ በደንብ ርሶ፣ ሐምሌ ላይ በሚያውቅ ሰው እጅ ከተተከለ ግን ሌላ ነው። እናቴ በጥቅምት በራሷ ጊዜ እየሄደች ትቆጥር ነበር። ማንም አልጠየቃትም። አሥር በአሥር እየቆጠረች ጠጠር ኪሷ ውስጥ ትጨምራለች።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። 15 ዓመቱን ሙሉ የቀን ሠራተኛ ነበረች። ጡረታ የለ፣ ፈቃድ የለ። በዓመት አንድ ጃንጥላ። ስለዚህ ለም_አፈር፣ ከገባሽ መጀመሪያ የቀን ሠራተኞቹን ውል ጠይቂ።

ተጠራጣሪው (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡05)

እሺ። እናትሽን አልሰደብኩም። ይቅርታ።

ጋሽ_እርከን (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20)

ስለ እናትሽ ያልሽው ልቤን ነካው። እኔም በጊዜዬ ያንን ውል ማስተካከል እየቻልኩ አላስተካከልኩም። ይኸው ተናገርኩት።

ተጠራጣሪው ላነሳው ደግሞ የቀደመውን ዘመን ላስታውስ። በደርግ ጊዜ በዘመቻና በምግብ ለሥራ ስንት እርከን ተሠራ፣ ስንት ጋራ ተከለለ። 1983 ሲመጣ ገበሬው ብዙውን አፈረሰ፤ የተከለለውንም ጋራ ገብቶ ቆረጠው። ለምን ቢሉ የእሱ አልነበረማ። የስንዴው ነበር። ስንዴው ሲያልቅ እርከኑም አለቀ።

ለነገሩ ምርምሩ ያኔም ነበር። በ1970ዎቹ ከስዊዘርላንድ ሰዎች ጋር የተቋቋሙት ጣቢያዎች አሉ፤ ወሎ ማይባር፣ እዚሁ ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም አንጀኒ። የታረሰ መሬት በሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ያጣል የሚለው ዝነኛ ግምት ከዚያ ነው የወጣው። ሁለት ሲኖትራክ ሙሉ አፈር አስቢ፤ ከአንድ ሄክታር፣ በየዓመቱ። ያንን ቁጥር የለኩትም ዝናብ ሲዘንብ ሌሊት ተነስተው ደለሉን በጣሳ የሚቀዱ የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

የመንዝ_ልጅ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡45)

ሰሜን ሸዋ ስትሉ ዝም ልል አልቻልኩም። መሬት ጥበቃ በድርጅት ተጀመረ የሚመስለው ካለ ጓሳን ይመልከት። መንዝ ላይ ያለ ደጋማ የሣር መሬት ነው። ከ300 ዓመት በላይ የራሱ ሕግና የራሱ ሠራተኛ ነበረው። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። (የቅርብ ጊዜውን ትርጉም እርሱት፤ ይሄኛው ሌላ ነው።) አስቦና ጌራ የሚባሉት ሁለት ወገኖች አለቃ ይመርጣሉ፤ አባ ቄራ ይባላል። ጓሳ ሣሩ እስኪደርስ መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል። ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይታጨዳል። ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። ሰርቆ ያጨደ ወዮለት። ቤተ ክርስቲያንም ከኋላ ነበረችበት፤ አዋጁን ለመጣስ የእግዜርን ቁጣ መድፈር ያስፈልግ ነበር።

1967 ላይ የመሬት አዋጁ ሲመጣ ያ ሁሉ ፈረሰ። መሬቱ የሁሉም ሆነ ሲባል የማንም ሆነ። በኋላ ሰዉ ራሱ ኮሚቴ አቁሞ መለሰው፤ የውጭ ድርጅትም አገዘ። ዛሬ ጠባቂዎቹ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ጭላዳው መንጋ መንጋውን ይግጣል፣ ቀይ ቀበሮ አይጡን አድኖ ይበላል። እኔ ያደግሁት እዚያው ጫፍ ላይ ነው፤ ብርዱን አትጠይቁኝ።

ልብ ብትሉ የጥንቱ አባ ቄራና የዛሬው የድርጅት ሠራተኛ ሥራቸው አንድ ነው። ሰውን አስማምቶ መዝጋት፣ አስማምቶ መክፈት። የቀረው ቴክኒክ ነው።

ቨርጂኒያ_ነኝ (ረቡዕ፣ ቀን 8፡10)

እናንተ ምሳ በልታችሁ እኔ ገና ቁርስ ላይ ነኝ። ይሄ ክር ደስ ብሎኛል፤ እኔም በዚሁ እንጀራ ነኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት ትንሽ የመሬት ጥበቃ ድርጅት። ስድስት ሠራተኞች ነን።

የእኛ ሥራ እንግዳ ነው፤ ለአጎቴ ሳስረዳው አልገባውም። እዚህ መሬት የግል ነው። አንድ ገበሬ 80 ሄክታር አለው እንበል። ከእሱ ጋር ውል እንዋዋላለን። መሬቱ የእሱ ይሆናል፤ ያርሳል፣ ይሸጣል፣ ያወርሳል። ግን ለዘላለም ቆራርሶ የቤት መሥሪያ ማድረግ አይቻልም። ውሉ ከመሬቱ ጋር ይሄዳል፤ ገዢውም ወራሹም ይታሰርበታል። ገበሬው ያንን መብት በነጻ ሲተው ግብር ይቀነስለታል። እኔ በዓመት አንዴ እየሄድኩ በወሰኑ ዙሪያ እዞራለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ «አዲስ ቤት ሠርተዋል ወይ?» እላለሁ። ለዘላለም የሚባለው ነገር በተግባር ሲታይ እኔ በቦት ጫማ ስዞር ነው። እኔ ስሞት ሌላ ሰው ይዞራል።

እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ውል አይሠራም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ገበሬው የመጠቀም መብት ነው ያለው። ስለዚህ እኛ ጠበቃ እንቀጥራለን፣ እናንተ ሽማግሌ ትሰበስባላችሁ። አጎቴ በመጨረሻ ምን አለ? «ሰው መሬቱን እንዳይሸነሽን የሚከፈልህ ከሆነ፣ እኔን በነጻ ሰባት ወንድሞች ሸንሽነውኛል።»

ለም_አፈር (ረቡዕ፣ ማታ 1፡30)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አጎትህ ገደለኝ 😂 ለእናቴ አነበብኩላት። የችግኝ ጣቢያዋን እናት ስትሰማ ዝም አለች።

አንድ ጥያቄ ይቅር በሉኝ። ሴት ነኝ። ብቻዬን ነው የምሄደው። ይሄስ?

ዘጠኝ_ዓመት_መስክ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡55)

ይሄ የእኔ ድርሻ ነው፤ ወንዶቹ ዝም ይበሉ።

የኔ እህት፣ ቤት ስትከራዪ ከሁሉ በፊት ሽንት ቤቱን እዪ። ከዚያ አከራይዋን እዪ። ጥሩ አከራይ ካገኘሽ ሰፈሩ ሁሉ ይጠብቅሻል። የእሷ ልጅ ትሆኛለሽ፤ ሐሙስ ዕለት ብታመሚ ቅዳሜ የማያውቅ የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት «ባለሙያው መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉሻል። አንቺ እዚያው ቆመሽ። አትናደጂ። ገመዱን ያዢና ከቀያሾቹ ጋር ውጪ። አንድ ጋራ አብረሽ ከወጣሽ በኋላ ጥያቄው ይቀራል።

ስብሰባ ላይ ሴቶቹ ጥግ ይቀመጣሉ፤ አይናገሩም። ከስብሰባው የምትሰሚው የወንዶቹን ነው። ጋራው ሲከለል ግን ማገዶ ለቀማ ሁለት ሰዓት የሚርቅባት ማን ናት? እኔ ምንጭ ድረስ እወርድ ነበር፤ ጀሪካን እስኪሞላ ወረፋ ላይ ስቀመጥ ሁሉን ይነግሩኛል። አንዴ መተዳደሪያ ደንቡ ጸድቆ፣ ማኅተም ተመቶ፣ ምንጭ ስወርድ አንዲት እናት «እኛ እኮ በዚያ በኩል ነው ደረቅ እንጨት የምንለቅመው» አለችኝ። ደንቡን ከፍተን አስተካከልነው፤ ደረቅ እንጨት በሳምንት ሁለት ቀን ተፈቀደ። ያ ባይሆን በሁለት ወር ውስጥ ይጥሱት ነበር። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እጥሰው ነበር።

ሌላ፣ ቀን መቁጠሪያ ስታወጪ በዓላቱን እዪ። 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 በዓለ ወልድ። በዚያ ቀን አፈር አይነካም። የኔ አለቃ ከአዲስ አበባ የላኩት ዕቅድ 21 ላይ ቁፋሮ ነበረው። አንድም ሰው አልመጣም። እኔ ግን በዓሉን ወድጄዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ስላለ ለስብሰባ የሚመች ቀን የለም ከሱ የተሻለ።

ደብል_ጋቢና (ረቡዕ፣ ማታ 3፡10)

ስለ ክልከላ (ሰውና ከብት እንዳይገባበት የተዘጋ መሬት) ጠባቂዎቹም ይነገር እንጂ። እኔ የማውቀው አንድ ጠባቂ ነበር፤ ደሞዙ ከሚታጨደው ሣር ድርሻ ነው። አንድ ቀን የወንድሙን ላም ከንክኪ ነጻ ቦታ ውስጥ አገኛት። ነድቶ አመጣት፣ ወንድሙን አስቀጣው። ለአንድ ዓመት አልተነጋገሩም። እናታቸው በእኔ በኩል ነበር መልእክት የምትልከው። በሚቀጥለው ዓመት ወንድሙ ሣሩን አጭዶ ሲሸከም አየሁት። ሰላምታ ግን ገና ነበር።

ተጠራጣሪው (ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡00)

እሺ፣ ልጠይቅ፤ አሁን ለክርክር አይደለም። ፕሮጀክቱ ሲያልቅስ? ሦስት ዓመት ነው የሚሰጡት። ዛፍ በሦስት ዓመት ምን ይሆናል?

ጋሽ_እርከን (ሐሙስ፣ ቀን 6፡25)

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳንም ይሄ ነው።

ያየሁትን ልንገርህ። ወላይታ ሁምቦ አለ። ወደ 2,700 ሄክታር የተራቆተ ጋራ። ብዙውን ችግኝ አልተከሉም። ከመሬት በታች የቀረውን የድሮ ጉቶ እንዲያበቅል ተዉት፤ የበዛውን ቀንበጥ እየቆረጡ ጠንካራውን አሳደጉ። ግን የሠሩት ትልቁ ሥራ ሌላ ነው። ሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ደኑን በእነሱ ስም አደረጉት። በ2002 ዓ.ም. የካርቦን ሽያጭ ውስጥ ተመዘገበ፣ ማለት ደኑ ከአየር ለሚያስቀረው ካርቦን ይከፈላቸዋል፤ ገቢው ለማኅበራቱ ነው። ለጉብኝት ስንሄድ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ደብተሩን አውጥቶ አሳየን። ደኑን ካሳየን በላይ ደብተሩን ሲያሳየን ነው የኮራው።

አዊ ፋግታ ለኮማ ደግሞ ማንም ድርጅት አላዘዘም። ገበሬው ራሱ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ በማሳው ተክሎ ለከሰል ይቆርጣል፣ መልሶ ያርሳል፣ መልሶ ይተክላል። በኋላ በሽታ ገባበት፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ሲሆን እንዲህ ነው። ሆኖም ያስተማረኝ ነገር አለ። ገበሬው ከዛፉ የሚቆርጠው ነገር ካለ ለመጠበቅ ፎርማን አያስፈልገውም።

እና ሦስት ዓመትህን አትናቅ። እርከን በሦስት ዓመት ደለል ይይዛል። ጎርፍ በቆፈረው ቦረቦር ውስጥ ክትር፣ ማለት ደለል የሚይዝ ትንሽ ግድብ፣ ከተሠራ ከአንድ ክረምት በኋላ አፈር ተኝቶበት ሣር ሲያበቅል ታያለህ። የዛፉን እንጃ። እኔ የተከልኩት ወይራ ዛሬም ከእኔ አጭር ነው።

ሒሳብ_አይዋሽም (ሐሙስ፣ ቀን 6፡50)

ጋሽ እርከን ቁመታቸውን አላዩትም እንዴ፤ ከእርሳቸው የማያጥር ምን አለ።

ለም_አፈር (እሑድ፣ ማታ 2፡00)

አዲስ ወሬ። ዓርብ ሄጄ አየሁት። ድርጅቱ ራሱ «መጥተሽ እዪ» ብሎ ነበር።

ቢሮው ሦስት ክፍል ነው። አንዱ ውስጥ ማዳበሪያ ጆንያ ሙሉ ዘር ተቀምጦ ሽታው ደስ ይላል። ሥራ አስኪያጁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ «በጀት» የሚለውን ቃል ተናገሩ። ከዚያ ፎርማኑ ወደ አንድ ቦረቦር ወሰደኝ። ካርታዬ ላይ አውቀው ነበር! ቀይ ቀብቼው ነበር፤ «እጅግ የተጎዳ» ብዬ። ሥሩ ድረስ ወረድን። አራት ክትር አለው። ሦስተኛው ላይ ሸንኮራ አገዳ አብቅለዋል። ቆርጠው ሰጡኝ። ካርታው ላይ ያለው ምስል የአምስት ዓመት መሆኑ ያኔ ትዝ አለኝ።

የችግኝ ጣቢያውን ሴቶች ስለ ውላቸው ጠየቅኳቸው። ሳቁ። አንዷ «እንኳን ውል፣ ጓንትም የለን» አለች። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ፊታቸው ትንሽ ጠቆረ፤ ግን «ስትገቢ ጽፈሽ አምጪው» አሉኝ።

ስለዚህ ገብቻለሁ። በሚቀጥለው ወር 1 እጀምራለሁ። እናቴ ጋቢ ገዛችልኝ፤ አሁንም ተኮሳትራለች።

የችግኝ_ጣቢያ_ልጅ (እሑድ፣ ማታ 2፡08)

ጽፈሽ አምጪው ካሉሽ ጻፊው። እኔ አግዝሻለሁ። የውስጥ መልእክት ላኪልኝ።

የመንዝ_ልጅ (እሑድ፣ ማታ 2፡15)

ጋቢ አይበቃም። ሁለት ይሁን።

ለም_አፈር (እሑድ፣ ማታ 2፡20)

ጫማስ? ለድንጋይ የሚሆን፣ 38 ቁጥር። ደብረ ብርሃን ይገኛል ወይስ ከዚሁ ልግዛ?

ሃርድቶፕ (እሑድ፣ ማታ 2፡26)

ከዚያው ግዢ። የሴት ቁጥር እዚህ ሲፈለግ ይውላል። ደግሞ ሳትለምጂው ጋራ አትውጪበት፤ ቤት ውስጥ ሳምንት አድርጊው። አንዷ ባለሙያ አዲሱን ጫማ በመጀመሪያው ቀን አድርጋ ወጥታ ስትወርድ ተሸክሜያት ነው የወረድኩት። እሱንም ሎግ ቡክ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩት ሒሳብ ቤት ይንገራችሁ።